የማትከታተለውን ሶፍትዌር ከመልቀቅህ በፊት

ለአንድ የመርካቶ ሱቅ ሽያጭና ዱቤ የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርተሃል፤ አሁን ግን የምታድስበት ጊዜ የለህም። ኮዱን ትለቀዋለህ ወይስ ትተወዋለህ? እኔ ልቀቀው ባይ ነኝ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በየራሱ ፎንት የተጻፈ ሰነድ፣ ፎንቱ ከጠፋ ዛሬ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ተዘግቶ የቀረ ሥራ ዕጣው ይኸው ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቅ።

1. ባለሱቁን በጽሑፍ አስፈቅድ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተቀጥረህ ወይም ታዘህ የሠራኸው ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት የአሠሪው ነው።

2. ሲሳሳት ማን እንደሚጎዳ አስብ። የዕቃ ቆጠራ ቢዛባ ባለሱቁ መደርደሪያውን አይቶ ያርማል። 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያሰላ ከሆነ ግን፣ ሕግ ሲለወጥ ስህተቱ የሚታወቀው ኦዲተር ሲመጣ ነው። እንዲህ ያለውን ኮዱን ብቻ ልቀቅ፤ ተጭኖ ወዲያው የሚሠራ ፋይል አታውጣ።

3. የዱቤ መዝገቡን አጽዳ። እዚህ ጋ አትቸኩል! «ለሙከራ» ብለህ ያስቀመጥከው ዳታቤዝ ውስጥ የእውነተኛ ደንበኞች ስም፣ ስልክና ዕዳ አለ። ፋይሉን ሰረዝኩት ብለህ አትመን፤ ጊት የቀድሞውን ሁሉ ይዞ ስለሚቆይ ማንም ወደ ኋላ ሄዶ ያነበዋል። የይለፍ ቃልም እንደዚያው። አንዴ ሰው ከገለበጠው መመለሻ የለውም። መርካቶ ውስጥ ዱቤ የሚሰጠው በመተማመን ነው፤ የአንዱ ዕዳ ጎረቤቱ እጅ ከገባ ደንበኝነቱ አበቃ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለብህ።

መጀመሪያ የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ ቀይር። ከዚያ፣ እኔ ታሪክ በማጽዳት አልደክምም፤ ንጹሑን ኮድ ብቻ ወደ አዲስ ፎልደር ገልብጬ ጊትን ከዜሮ እጀምራለሁ። አንተም እንዲሁ አድርግ። ከመልቀቅህ በፊት «09»፣ «07» እና «251» እያልክ ፈልግ፤ ስክሪንሾቶቹንም አንድ በአንድ ክፈታቸው።

4. ፈቃድ ጨምርበት፤ ኤምአይቲ ይበቃል።

5. ሪድሚው አናት ላይ ሁኔታውን ጻፍ፦ «እድሳት የለውም። ጥያቄ አልመልስም። ጳጉሜ 6 ላይ አልተፈተነም።» በ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ ይህን ያነበበ ቀድሞ ያስተካክለዋል። የምናለሽ ተራ ያገለገለ ብረትም ዋስትና የለውም፤ ገዢው ግን ዝገቱን አይቶ ነው የሚወስደው።

6. ጊትሃብ ላይ አርካይቭ አድርገው።

ሦስተኛውን በእርግጠኝነት ካልጨረስክ ግን አትልቀቅ። ኮዱን ሌላ ሰው እንደገና ሊጽፈው ይችላል።