ማን ይወስናል?
ስለ ዘመድ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ወጣቱ ውሳኔ



አንድ ሰው «ወስኛለሁ» ሲል ስንሰማ ነገሩ በእርሱ ልብ ተጀምሮ በዚያው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ይህን ቃል እስኪናገር ድረስ ስንት ሰው እንደ መከረው፣ ስንቱ እንዳስፈራራው፣ ስንቱም ዝም ብሎ እንደ ተመለከተው ብንጠይቅ፣ ውሳኔ በብዙ ሰዎች መካከል እየተላለፈ የሚበስል ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ የሚኖር ወጣት ሲያገባ፣ ሥራ ሲይዝ፣ ከአገር ሲወጣ በእውነት የሚወስነው ማን ነው?

ሁሉም ከሚያውቀው ከጋብቻ እንጀምር። በወለጋ ልማድ ለአንድ ልጅ ሚስት ሲታጭለት አስቀድሞ የሚጠየቀው የልጅቱ መልክ ወይም ትምህርት ሳይሆን ጎሣዋ ነው። የሁለቱም ወገን አባቶች ስም ወደ ላይ እስከ ሰባት ትውልድ ይቈጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ቈጠራውን የሚያውቁት ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው የነገሩ ቍልፍ በእነርሱ እጅ ነው። ከዚያም በኦሮምኛ ጃርሳ የሚባሉት ሽማግሌዎች ይላካሉ። በመጀመሪያው ቀን «እሺ» አይባሉም፤ ቀጠሮ ተሰጥቶአቸው ይመለሳሉ፣ እንደ ገናም ይቀጠራሉ። ከእኛ መካከል ብዙዎች ይህን መመላለስ ከንቱ ወግ አድርገው ይቈጥሩታል። እኔ ግን ቀጠሮው ትልቅ ሥራ አለው እላለሁ። በዚያ መካከል የልጅቱ ቤተሰብ በአጎት፣ በአክስት፣ በገበያ በሚገናኝ ሰው በኩል የልጁን ጠባይ ያጣራል። ጠጪ ቢሆን፣ ዕዳ ቢኖርበት፣ በሌላ ከተማ ልጅ ወልዶ ቢሆን ወሬው ከቀጠሮው ቀን በፊት ይደርሳል። ዛሬ ሁለት ወር በስልክ ተጻጽፈው የሚጋቡ ወጣቶች ይህን የማጣራት ሥራ የሚሠራላቸው የለም።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? በዚህ ሁሉ መመላለስ ውስጥ ሳትጠየቅ የምትቀረው ራስዋ ልጅቱ ልትሆን ስለምትችል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመትዋ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገው፤ የኦሮሚያ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ሙሉ ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ያዛል። ሕጉ ይህን ሲል ሽማግሌ አይላክ አላለም። የሽማግሌው «እሺ» በልጅቱ «እሺ» ፋንታ አይቈጠርም ማለቱ ነው።

በሰንበት ትምህርት ብዙ ጊዜ የተማርነውን የርብቃን ታሪክ በዚህ ዓይን ብናነበው ጥሩ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የአብርሃም ሎሌ ከወንድምዋና ከአባትዋ ጋር ይነጋገራል፣ እነርሱም ይፈቅዳሉ፣ የወርቅና የብር ስጦታው ይወጣል። ልጅቱ ተጠርታ ከሰውዬው ጋር ለመሄድ ፈቃድዋ መሆኑን የምትጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥያቄው ዘግይቶአል፤ ሆኖም ተጠይቃለች፣ መልስዋም በራስዋ አፍ ተሰጥቶአል። በእኛ ሰፈር ስንት ጊዜ ያ ጥያቄ ጨርሶ ሳይመጣ ይቀራል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አባባሉ ስለ አንድነት ኃይል የሚነገር ሲሆን፣ አንበሳን ያሰረ ድር ልጅን ማሰር እንደማያቅተው ግን እንረሳለን። ዘመድና ጎረቤት የሚሸከሙን በዚያው በሚይዙን ገመድ ነው። ሰው በሞተበት ሌሊት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበርና ድስት የሚያመጣው፣ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጠው ዕድር ነው። ለእርሻ ደቦ ይጠራል፤ ጎረቤት በአንድ ቀን የአንዱን ማሳ አርሶ ወይም አጭዶ ይጨርሳል። ወላጅ ያጣ ልጅ በጉዲፈቻ ቤት ያገኛል፤ ቃሉ ራሱ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው። እንግዲህ እነዚህን ሁሉ ያደረገልህ ሰው ነገ ምክር ቢሰጥህ «አያገባህም» ለማለት ድፍረቱ ከየት ይመጣል? ያበላህ ሰው ቃል ይከብዳል፤ ይህ ደግሞ ነውር አይደለም። የሚያስፈልገው ክብደቱ ከውለታው እንደ መጣ ወይስ ከምክሩ እውነትነት እንደ መጣ መለየት ነው።

ዕድር ራሱ እንዴት እንደሚወስን ማየት ጠቃሚ ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል። ደንቡን ለመለወጥ አባላት ተሰብስበው መስማማት አለባቸው። በዚህ ምክንያት ዕድር ለውጥን ቶሎ አይቀበልም ይባላል። ሆኖም በ1990ዎቹ ኤድስ በከተሞቻችን ብዙ ሰው ሲጨርስ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ ዕድሮች ተሰብስበው አንድ ከባድ ጥያቄ አነሡ፤ ለሬሳ የምናወጣውን ገንዘብ ሰውዬው በሕይወት ሳለ ለመድኃኒቱና ለምግቡ ለምን አናወጣውም? ደንባቸውንም ለውጠው ለታመሙና ወላጅ ላጡ ልጆች መርዳት ጀመሩ። ብዙ ቀብር ያየ ማኅበር ያደረገው ውሳኔ ነው፤ ማንም ብቻውን ሊወስነው አይችልም ነበር።

ይሁን እንጂ በዕድር ስብሰባ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ አባወራ ነው። ሴቶች በብዙ ቦታ የራሳቸውን ዕድር ማቋቋማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከገጠር መጥቶ ነቀምቴ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ወጣትማ አባልም አይደለም፤ ይቀብራል፣ ውኃ ያመላልሳል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ሲወሰን ግን የለም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እንዲህ ያሉ ወጣቶች በከተማችን በዝተዋል።

ብዙ ሰው በአንድነት ሲናገር ብቻውን የቆመ ሰው ምን ይሆናል? ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን በቀላል መንገድ ፈተነ። ወጣቶችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ የመሥመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ጠየቀ። ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቀድመው ከእርሱ ጋር የተስማሙ ነበሩ፤ እያወቁም የተሳሳተ መልስ በአንድ ቃል ይሰጣሉ። ያ ያላወቀው ወጣት ዓይኑ እውነቱን እያየ፣ በአማካይ ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳተ። ልብ የሚነካው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነተኛውን መልስ ሲናገር ስሕተቱ ወደ ሩብ ወረደ። በቤተሰብ ጉባኤ አንዲት አክስት «እስቲ ልጁን እንስማው» ስትል የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ዘመድ ብቻም አይበቃም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ በሰው ጥቆማ ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ፣ ጠቋሚያቸውን አዘውትረው ያዩ የነበሩት ከመቶ 17 ያህል ብቻ መሆናቸውን አገኘ፤ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ዘመድህ የሚያውቀውን አንተም ታውቃለህ፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ሰው ነው። የጊምቢ የቡና ነጋዴ ዋጋ የሚጠይቀው ወንድሙን አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለውን ደንበኛውን ነው።

የሩቁ ገመድ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን በ2012 ዓ.ም. ታይቶአል። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ አጣ፤ ታማሚ ወደ የትኛው ሐኪም ቤት ይሂድ የሚለውን ከሩቅ ዘመድ ጋር መመካከር ቀረ። ወሬ ከመንገደኛ አፍ ሲመጣ ማጣራት አይቻልም፤ ሰውም በቅርቡ ባለው ሰው ግምት ብቻ ይወስናል።

ገመዱ ሁሉ የተበጠሰበት ሰውስ? ስለ አስቴር ጋኖ እናስብ። ለባርነት የተሸጠች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ ጀልባዋ በኢጣልያኖች ተይዞ ነጻ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አባትም አጎትም የሚመክራት አልነበረም። የቀራት ቋንቋዋ ነበር፤ ተረቱንና ዘፈኑን ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሠራች፣ በ1904ም ከእርሱ ጋር ወደ ነቀምቴ መጥታ አስተማረች። ዘመድዋን ያጣች ሴት ለሌሎች ልጆች ዘመድ ሆነች። ነቀምቴ መምጣትዋን ሽማግሌ አልወሰነላትም።

አሁን ለሚቀጥለው ስብሰባችን አንድ ነገር ላቅርብ። ሰዎቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው ያሰብኋቸው። በአንድ ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ አለ። ወደ ዓረብ አገር እንዲሄድ ደላላ ገንዘብ ጠይቆአል። አጎቱ «የጎረቤት ልጅ ሄዶ ቤት ሠርቷል» ይላል፤ አባቱ በሬውን ለመሸጥ ተስማምቶአል፤ ሽማግሌዎቹ መርቀዋል፤ ልጁ «እሺ» ብሎአል። በሬው ሲሸጥ ማሳው በሰው በሬ ይታረሳል፤ የታናሽ እኅቱም የትምህርት ቤት ወጪ ከየት እንደሚመጣ አልተነገረም። እናቲቱ ቡና ታቀራርብ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም። ሄደው ስለ ተጐዱት ልጆች የሚያውቅ አንድ ሾፌር በዚያው መንደር አለ፤ ዘመድ ስላልሆነ አልተጠራም። ሽያጩ ቅዳሜ ገበያ ነው። ከቅዳሜ በፊት ማን ይጠራ? የልጁስ «እሺ» የራሱ መሆኑን በምን እናውቃለን?