የእሳተ ገሞራን ጢስ በብርሃን ስለ መከታተል

እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከዐመዱ ጋር የሚወጣው የድኝ ጋዝ ብዙ አገር ሊያዳርስ ይችላል። እኛ በዋጫ የምንኖር ተማሪዎች ይህን የሩቅ ወሬ ነው ብለን እንዳንተወው፣ የተማርሁትን ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት በኤርትራ ምድር፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ የሚገኘው የናብሮ ተራራ ፈነዳ። የወጣውም የድኝ ጋዝ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። እንዲህ ያለው ጋዝ በአየር ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ተዋሕዶ እጅግ ደቃቅ የአሲድ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ዝቅ ብሎ ቢቀር ዝናም ባጭር ጊዜ ያጥበዋል። ስትራቶስፌር ወደሚባለው፣ በምድር ወገብ አካባቢ ከ16 ወይም ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ወዳለው አየር ከደረሰ ግን፣ በዚያ ዝናም ስለሌለ ለወራት ይቆያል፤ የፀሐይንም ብርሃን ይጋርዳል። በ1983 ዓ.ም. በፊሊፒንስ የፈነዳው ፒናቱቦ 15 ሚሊዮን ቶን ገደማ አውጥቶ የዓለምን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል ቀንሶ ነበር። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ጢሱ ምን ያህል ከፍ ብሏል?» የሚለው ነው።

ይህን የሚመልሰው መሣሪያ ሊዳር ይባላል። በሣር ቤት ቀዳዳ የገባ የፀሐይ ጨረር መሥመሩ የሚታየን፣ ጢሱ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን ስለሚበትነው ነው። ሊዳርም እንደዚሁ ሌዘር የተባለውን ቀጭን ብርሃን ለቅጽበት ወደ ሰማይ ይልካል፤ ጠብታዎቹ የሚመልሱትን ጥቂት ብርሃን በቴሌስኮፕ ይቀበላል። ድምፅ ገደል መትቶ እስኪመለስ ቈጥረን ርቀቱን እንደምናውቅ፣ እርሱም የብርሃኑን ደርሶ መልስ ጊዜ ይለካል። ለምሳሌ ሰኮንድ በሚሊዮን ተከፍሎ 120ው እጅ ቢፈጅ፣ ብርሃን በሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ መንገዱ 36 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኩሌታው 18 ኪሎ ሜትር የጢሱ ከፍታ ነው። ደግሞም ክብ ጠብታና ሻካራ ዐመድ ብርሃኑን በተለያየ ሁኔታ ስለሚመልሱ ሁለቱን ይለያል።

የናብሮን ደመና በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካ ያሉ ሊዳሮች በስትራቶስፌር ውስጥ አይተውታል። ሊቃውንትም «በፍንዳታው ኃይል ወጣ ወይስ የእስያ የክረምት ነፋስ አነሣው?» ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩም የተመረመረው በተለካው ከፍታ ነው።

ሊዳር ጉድለትም አለው፤ እንደ ከፋ ክረምት ያለ ወፍራም ደመና ብርሃኑን ያግደዋል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ አይበቃም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ በፈነዳ ጊዜ ዐመዱ እስከ ህንድ ደርሷል። እሳቱ ከአገራችን ምድር ከወጣ፣ ከፍታውን የሚለኩም ከእኛ መካከል እንዲገኙ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በፊዚክስና በሒሳብ ትምህርት እንትጋ።