በረዶና እሸት

ወንድሞችና እኅቶች፥ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 9 ስለ ግብፅ በረዶ ስናነብ ቍጥር 31ንና 32ን ቀስ ብለን እንይ። ገብሱና ተልባው ተመታ፤ ስንዴው ዘግይቶ የሚያፈራ በመሆኑ ተረፈ። ይህን ከጋይንት ገበሬ ይበልጥ የሚረዳው ያለ አይመስለኝም። ሰኔ ላይ በረዶ ቡቃያውን ቢመታው እንደገና ሊያቈጠቍጥ ይችላል፤ ባይሆንም ዘር ያለው ደግሞ ይዘራል። መስከረም ላይ እሸቱን ሲያረግፈው ግን ዝናሙ ሊወጣ ተቃርቧል፤ የሚታጨደው ገለባ ነው።

በረዶው እንዴት ይሠራል? ፀሐይ ያሞቀችው እርጥብ አየር ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነውን የጉናን ተራራ ታኮ ሽቅብ ይወጣል። በደመናው ውስጥ የረጋችውን ጠብታ ነፋሱ ወደ ላይ ይዟት ሲቆይ፥ ውሃው በላይዋ እየረጋ ትወፍራለች፤ ሊሸከማት ሲያቅተው ትወድቃለች። ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በረዶው ሳይቀልጥ ይደርሳል። ወደ ስማዳ ቈላ ሲወርድ ግን ብዙው ዝናም ይሆናል፤ እዚያ የሚያስፈራው ጎርፉ ነው።

እንግዲህ ማሳው የተመታበትን ጎረቤት ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ይተካልህ» ብለን ብቻ አንመለስ። ወሩ ሰኔ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ዘር እንያዝለት። መስከረም ከሆነ ለክረምቱ የሚበላውን፥ ለከርሞም የሚዘራውን።