ክረምትና የሞተር ሳይክል ባትሪ

በዳንግላና በአካባቢዋ ክረምቱ ሲበረታ መንገዱ ይጨቀያል። ሞተር ሳይክሉን ለወራት ያቆመ ሰው በጥቅምት ለማስነሳት ቢሞክር ባትሪው ላይታዘዘው ይችላል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

የተለመደው የ12 ቮልት ባትሪ፣ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ያህል የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. እንደሠራው ሁሉ፣ በውስጡ እርሳስ፣ የእርሳስ ዳይኦክሳይድና ሰልፈሪክ አሲድ ይገኛሉ። ሞተሩ ቢቆምም ኬሚካዊው ለውጥ አይቆምም፤ ባትሪው ቀስ በቀስ በራሱ ይደክማል፤ በሰሌዳዎቹም ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል። ባትሪው ሳይቆይ ቻርጅ ከተደረገ ሰልፌቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለወራት ከተተወ ግን ትልልቅና ጠጣር ክሪስታል ስለሚሆን በቀላሉ አይመለስም።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች የደከመ ባትሪ ፈሳሹ ረግቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። የዳንግላ ብርድ ግን ለዚህ አያደርስም፤ እንዲያውም ኬሚካዊውን ለውጥ ስለሚያዘገይ ይጠቅማል።

እንግዲህ ባትሪውን ስናወጣ አስቀድመን የኔጋቲቩን ገመድ እንፍታ። ይህ ጫፍ ከሞተር ሳይክሉ አካል ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ መፍቻው አካሉን ቢነካ እንኳ ጉዳት አይደርስም። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ፈሳሹ ከጎደለ የተጣራ ውኃ ብቻ እንጨምር፤ አሲድ ወይም የዝናብ ውኃ አይጨመርም። ከዚያም ሙሉ ቻርጅ አድርገን በደረቅ ስፍራ እናስቀምጠው።

በየወሩ በቮልት መለኪያ እንየው። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ወደ 12.4 ከወረደ እንደገና ቻርጅ ይደረግ። ለ7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 0.7 አምፔር ያህል ይበቃል። ቻርጅ ሲደረግ ተቀጣጣይ ሃይድሮጂን ሊወጣ ስለሚችል ክፍሉ አየር የሚገባበት፣ ከእሳትም የራቀ ይሁን።