በኮረብታ መንገድ ዳር ስላለው ደጋፊ ካብ፤ ስለ መጠገኑና እንደገና ስለ መሥራቱ

ለአገር ገዥዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለመሬቶች የተጻፈ ትምህርት።

ከተማ በተራራ ወገብ ላይ ሲሠራ መንገዱ በአንድ ወገን ገደል፥ በሌላው ወገን የተቆረጠ አፈር ይሆናል። ይህን አፈር ደግፎ የሚያቆመው ካቡ ነው። ካብ በወደቀ ጊዜ ብዙ ሰው «አፈሩ ከብዶት ወደቀ» ይላል፤ ነገር ግን በጥር ያልከበደው አፈር በነሐሴ የሚከብደው ውኃ ስለ ጠጣ ነው። ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ ካብ ጀርባ ያለው አፈር ደረቅና አሸዋማ ቢሆን፥ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 27 ኩንታል ያህል ይገፋዋል። ያው አፈር እስከ አፉ ውኃ ሞልቶ መውጫ ቢያጣ ግን ግፊቱ ወደ 58 ኩንታል ይደርሳል፤ ከዚህም 45ቱ የውኃው ብቻ ነው። እንግዲህ ካብ የሚያስጠግን ሹም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ውኃው በየት እንደሚወጣ ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። በአንዲት ደጋ ከተማ ሳለሁ ከገበያው በላይ ያለው የመንገድ ካብ ሆዱን ነፍቶ ተሰነጠቀ። ሥራውን የያዙት ሰዎች ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍነው ፊቱን በሙሉ ለሰኑት፤ ቀድሞ በድንጋዮቹ መካከል ውኃ ይንጠባጠብበት የነበረው ክፍተት ሁሉ አብሮ ተደፈነ። በግንቦት ላየው ሰው እጅግ ያማረ ነበር፤ የክፍያውን ደብዳቤ የጻፍሁትም እኔው ነበርሁ። በነሐሴ አንድ ሌሊት ካቡ ከነመንገዱ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን እህል የጫኑ ገበሬዎች እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ገደሉን እየዞሩ ወደ ገበያ ይመጡ ነበር። ኋላ ሲመረመር፥ ከካቡ በላይ ያለው የገብስ ማሳ ትርፍ ውኃ የሚወርድበት ቦይ በቀጥታ ወደ ካቡ ጀርባ የሚፈስ ሆኖ ተገኘ። የማሳው ጌታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውኃው ከማሳው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀው ሰው አልነበረም እንጂ።

ስለዚህ የካብ ጥገና የሚጀመረው ከካቡ በላይ ነው። ባለመሬቱ ከካቡ ራቅ አድርጎ ውኃ መቀልበሻ ቦይ ይቁረጥ፤ የቦዩም መጨረሻ ድንጋይ በተነጠፈበት ስፍራ ይሁን እንጂ በጎረቤት ደጅ አይሁን። የወረዳው ሹምም ይህ ሳይፈጸም ለድንጋይ ገንዘብ አይክፈል።

ከዚያ በኋላ ካቡን መመልከት ነው። ከላይ ጥቂት ድርድር ብቻ ወድቆ መሠረቱ ደኅና ከሆነ፥ የወደቀውን መልሶ መካብ ይበቃል። ሆዱ ወደ ፊት ከወጣ፥ ወይም እግሩ ከቦታው ከሸሸ ግን ልስን አያድነውም፤ ፈርሶ ይሠራ። በመንገዱ ላይ ከካቡ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ የታየ እንደ ሆነ፥ በስንጥቁ ላይ ጥቂት ኖራ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ መልካም ነው፤ ኖራው ከተሰነጠቀ መሬቱ ገና በመሄድ ላይ ነው።

ማፍረሱ በበጋ ይሁን፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሜትር እያፈረሱ እየካቡ ይሂዱ፥ አለዚያ ድጋፍ ያጣው አፈር በሠራተኞቹ ላይ ይናዳል። የግርጌው ውፍረት ከቁመቱ ግማሽ አይነስ፤ ፊቱም ጥቂት ወደ አፈሩ ያዘንብል። ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቁ ረጃጅም ድንጋዮች በየመካከሉ ይግቡ። ከካቡ ጀርባ ጠጠር ይሞላ እንጂ የተቆፈረው መረሬ ተመልሶ አይሞላ፤ መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣልና። በኖራ ወይም በሲሚንቶ የሚሠራ ከሆነ በየሁለት ሜትሩ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት። ከ3 ሜትር የሚበልጠውን ግን መሐንዲስ ሳያየው መጀመር አይገባም።

የኮንሶ ሕዝብ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የሚክባቸው የእርከን ካቦች በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. አገሩን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የኮንሶ ካብ አፈሩን ይይዛል፥ ውኃውን ግን በድንጋዮቹ መካከል ያሳልፋል። እኛ በሲሚንቶ የተመካን ሰዎች ይህን ጥበብ ከገበሬ ለመማር ማፈር የለብንም። በጦሳ ተራራ ሥር እንዳለችው እንደ ደሴ ባለ፥ መሬቱ ራሱ በሚንሸራተትበት አገር ደግሞ በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ፥ ጋቢዮን የሚሉት፥ ከደረቅ ግንብ ይሻላል፤ መሬቱ ሲሰጥም ሳይሰበር አብሮ ይጎብጣልና።

ሹሙ ሥራውን የሚረከበው በግንቦት ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ዝናብ ይሁን። ካፖርቱን ለብሶ ይሂድና ቀዳዳዎቹ ውኃ ሲተፉ ይይ፤ መንገዱ ሁሉ ርሶ ከቀዳዳዎቹ አንድ ጠብታ የማይወጣ ከሆነ የርክክቡን ወረቀት አይፈርም።