ስለ አባያ ሐይቅ አዞ

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ባለችው በጫኖ አገር ከብት የሚያጠጡና ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳሉ። የሐይቁ ውኃ ወንዞች ከደጋ ጠርገው በሚያመጡት አፈር የቀላ ነውና፥ በስተ ደቡብ ካለው ከጫሞ ይልቅ የደፈረሰ ነው፤ ስለዚህ አዞው በቅርብ ሳለ እንኳ ላይታይ ይችላል።

አዞ እንደ ዓሣ ሳይሆን በሳንባ ይተነፍሳል። ዓይኑ፥ ጆሮውና አፍንጫው ከራሱ አናት ላይ ስለ ሆኑ፥ የቀረውን አካሉን በውኃ ሰውሮ ያያል፥ ይሰማል፥ ይተነፍሳልም። ከውኃ በታች አፉን ሲከፍት ጉሮሮውን የሚዘጋ ሥጋ ስላለው አይታነቅም። የገላውን ሙቀት ከፀሐይ የሚያገኝ ስለ ሆነ በማለዳ በአሸዋ ላይ ተጋድሞ ይሞቃል፤ አፉን ከፍቶ መተኛቱም ብዙ ጊዜ ሙቀቱን ለመቀነስ ነው እንጂ ስለ ቍጣ አይደለም።

ሴቲቱ ከውኃው ዳር አሸዋ ቈፍራ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 80 እንቍላል ትጥላለች፤ ሦስት ወር ያህልም ትጠብቃለች። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እንደ አሸዋው ሙቀት ነው፤ ይህም እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ልጆቹ ከጕድጓዱ ውስጥ ሲጮኹ እናቲቱ ቈፍራ ታወጣቸውና በአፏ ይዛ ወደ ውኃ ታወርዳቸዋለች፤ ይህን ያየ ሰው ግን ልጆችዋን ትበላለች ብሎ ያማታል።

እንቍላልዋን በምትጠብቅበት ወራት ወደ ጕድጓዱ የቀረበውን ሁሉ ታባርራለች። መምህራንና ሽማግሌዎች ለልጆች እንዲህ ብለው ይንገሯቸው፤ ከመሸ በኋላ ወደ ሐይቁ አይወረድም፤ ሁልጊዜም በአንድ ስፍራ ውኃ አይቀዳም፤ አዞ የሰውን ልማድ ያጠናልና። ወደ ውኃው ከመግባትም ይልቅ በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ ቅል ከዳር ርቆ መቅዳት ይሻላል።