የለበሰውን አውልቆ የሚሰጥ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ አለቃችን ሲያወራ «ሂ ዉድ ጊቭ ዩ ዘ ሸርት ኦፍ ሂዝ ባክ» አለ። ሰውዬው ልብስ ያድላል እንዴ?

ጋሼ፦ የለም ልጄ። ደግ ነው፣ የለበሰውን እንኳ አውልቆ ይሰጣል ማለቱ ነው። እኛስ እንዲሁ እንል የለ?

ወጣቱ፦ እንላለን። ግን ለምን ሸሚዝ ሆነ? በዚህ ብርድ ካፖርት ቢሰጥ አይሻልም?

ጋሼ፦ ደግ ጠየቅህ። ድሮ በአውሮፓ ሸሚዝ የውስጥ ልብስ ነበር፤ ገላን የሚነካው እሱ ነው፣ ሌላው ከላዩ ይደረባል። ካፖርቱን የሰጠ ቢበርደው ነው፤ ሸሚዙን የሰጠ ግን ራቁቱን ቀረ። ነጠላህን ለሰው ማልበስና እጀ ጠባብህን ማውለቅ አንድ ነው? ቁማር የበላው ሰው «ሎስት ሂዝ ሸርት» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ወጣቱ፦ ወንጌልም ላይ የሚመስለው አለ መሰለኝ።

ጋሼ፦ አለ እንጂ፤ ሉቃስ ምዕራፍ 6። መጀመሪያ መጎናጸፊያው፣ ቀጥሎ እጀ ጠባቡ። የቱሩ ቅዱስ ማርቲን እንኳ በአሚየን ከተማ በር ላይ ለነዳዩ የሰጠው የካባውን ግማሽ ነው ይላል ገድሉ። በዚህ አባባል ሚዛን ገና ካባው ላይ ነው፤ ቅዱሱ ይቅር ይበለኝ።

ወጣቱ፦ ለሆስፒታል ገንዘብ የሰጠ ሚሊየነርስ እንዲህ ይባላል?

ጋሼ፦ አያምርበትም፤ ከተረፈው ነው የሰጠ። የሚያምረው ደመወዙ ወር ለማያደርሰው፣ መኪናህ ሌሊት መንገድ ላይ ብትቆም ግን ከእንቅልፉ ተነሥቶ ለሚመጣልህ ሰው ነው። ደግሞ «ዉድ» የምትለዋን ልብ በል። ሰጠ አላሉም፤ ቢቸግርህ ይሰጥሃል ነው ያሉት። የሚመሰገነው ጠባዩ ነው። ስለ ራስህ እንዳትለው ታዲያ፤ ጉራ ይሆንብሃል። የቀብር ንግግር ላይ ብዙ ትሰማዋለህ። ከኋላው «በት» ከተከተለ ግን ጆሮህን አቁም፦ ደግ ነው፣ ግን ቀጠሮ አያከብርም፣ ግን ብድር አይመልስም… ወቀሳው እየመጣ ነው።

ወጣቱ፦ ለጓደኛዬ የድጋፍ ደብዳቤ ልጽፍ ነው፤ ላስገባው?

ጋሼ፦ ተው፣ የጨዋታ እንግሊዝኛ ነው። እዚያ «ጀነረስ» ብትል ይበቃል።

ወጣቱ፦ ትናንት «ኪፕ ዩር ሸርት ኦን» ያሉኝስ? ሸሚዜን ማን ጠየቀኝ?

ጋሼ፦ እሱ ከደግነት አይገናኝም፤ ተረጋጋ፣ አትቆጣ ማለታቸው ነው። ምን ብለሃቸው ነው?